ሰውን በመስኮት የሚወረውር ግሥ

እንግሊዝኛ ሰውን በመስኮት አውጥቶ ለመወርወር ብቻ የሚያገለግል ግሥ አለው። «ዲፌኔስትሬት» ይሉታል። በበር ተገፍቶ ለወጣ፣ ከገደል ለተወረወረ ወይም ከጣሪያ ለተጣለ ሰው አይሆንም፤ የግድ መስኮት ይፈልጋል። የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንኳ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው እምብዛም አይጠሩትም፤ ሲጠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ እያሉ ነው። ዜናና ታሪክ ነክ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ስመልስ ቃሉ ባጋጠመኝ ቁጥር የሚያሳስበኝ ይኸው ፈገግታ ነው። ሰውን ከፎቅ መወርወር በየትኛውም አገር ነፍስ ማጥፋት ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ሲጠራ የሚያስቀው ስለ ምንድን ነው?

ቃሉ የተገጣጠመው ከላቲን ነው። «ፌኔስትራ» በላቲን መስኮት ማለት ሲሆን የፈረንሳይኛው «ፈኔትር»፣ የጣሊያንኛው «ፊኔስትራ» እና የጀርመንኛው «ፌንስተር» የተወለዱት ከእርሱ ነው፤ ከፊቱ የተቀጠለው «ደ» ደግሞ ከአንድ ነገር መለየትን፣ መውጣትን ወይም መውረድን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የጥንት ሮማውያን ይህን ቃል አያውቁትም ነበር። የተፈጠረው ሮም ከወደቀች ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ላቲን የሊቃውንትና የመንግሥታት መጻጻፊያ በነበረበት ዘመን ነው። ወደ እንግሊዝኛም የድርጊቱ ስም «ዲፌኔስትሬሽን» ከ1620 አካባቢ ጀምሮ ገብቶ ይገኛል፤ ግሡ በሰው አፍ የተለመደው ግን ከስሙ በጣም ዘግይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች መስኮት የሚሉበት የራሳቸው ተራ ቃል አላቸው፤ «ዊንዶው» ከጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሲፈታ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነው። ውብ ቃል ነው፤ ቤት ቤት ይሸታል። ለዚህ ድርጊት ግን አልመረጡትም። የመረጡት የፍርድ ቤቱን፣ የሐኪሙንና የቀሳውስቱን ቋንቋ ነው፤ ስለዚህም ሰውን አንቆ በመስኮት የወረወረ ወንጀለኛ በዚህ ግሥ ሲነገርለት የሆነ ሥርዓት የፈጸመ ባለሥልጣን ይመስላል። የፈገግታው አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፦ ጭካኔው ካባ ደርቦ መምጣቱ። እኛም ካባ የደረበ ቃል እናውቃለን። በደርግ ዘመን ሬዲዮ ከፍቶ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል የሰማ ሰው ማን እንደተራመደ፣ ወዴትስ እንደተራመደ አይጠይቅም ነበር፤ ሰዎቹ መረሸናቸውን ያውቃልና። ልዩነቱ በ«እርምጃ» እስከ ዛሬ ማንም የማይስቅ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቀው ሌላ ነገር ስለታከለበት ነው፤ እሱም የሚገኘው በፕራግ ታሪክ ውስጥ ነው።

የፕራግ ነገር የሚጀምረው ግን ቃሉ ከመፈጠሩ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የቦሔሚያው (ዋና ከተማዋ ፕራግ የሆነችው፣ ዛሬ የቼክ ክፍል የሆነችው አገር) ሰባኪ ያን ሁስ በ1415 በኮንስታንስ ጉባኤ ተፈርዶበት በእሳት ተቃጠለ። ተከታዮቹ አጥብቀው ከጠየቋቸው ነገሮች ዋነኛው ምእመኑ ከሥጋው ብቻ ሳይሆን ከደሙም እንዲቀበል ነበር፤ በዚያን ጊዜ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጽዋው ለካህናት ብቻ የተተወ ነበርና። ሥጋውንና ደሙን በአንድነት መቀበልን ከክርስትና ቀኑ ጀምሮ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ምእመን ይህ ደም የሚያፋስስ ጥያቄ መሆኑ ግራ ያጋባል፤ በቦሔሚያ ግን አፋሰሰ። ጁላይ 30 ቀን 1419 ያን ዤሊቭስኪ የተባለው ቄስ ምእመናኑን አስከትሎ ወደ አዲሱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አመራ። ሰልፈኞቹ የታሰሩ ባልንጀሮቻቸው እንዲፈቱ ጠየቁ፤ ከላይ ድንጋይ ተወረወረብን ብለውም ሕንፃውን ሰብረው ገቡ፤ የከተማውን ሹምና የምክር ቤቱን አባላት በመስኮት ወረወሯቸው። ከታች የቆመው ሕዝብ መሣሪያ ይዞ ይጠብቅ ስለነበር የተረፈ የለም። ንጉሡ ቫትስላቭ አራተኛ በ17ኛው ቀን ሞተ፤ አገሪቱም የሁሳውያን ጦርነት ተብሎ ወደሚታወቀው የረጅም ዓመታት ውጊያ ገባች። በ1483ም በዚያችው ከተማ ሹማምንት በመስኮት ተወርውረዋል፤ እሱን ግን ከታሪክ ጸሐፊዎች በቀር የሚያነሳው የለም።

ለቃሉ መወለድ ምክንያት የሆነው የ1618ቱ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ በ1609 ለቦሔሚያ ፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሚሰጥ ደብዳቤ ፈርሞላቸው ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን የሐብስበርጉ ፈርዲናንድ፣ ጽኑ ካቶሊክ የሆነው ሰው፣ በ1617 የቦሔሚያ ንጉሥ እንዲሆን ተመረጠ። በብሮውሞቭ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ በህሮብም ሌላው ፈረሰ። መኳንንቱ ውል ፈረሰ አሉ። ሜይ 23 ቀን 1618 ጠዋት በካውንት ቱርን መሪነት ወደ ፕራግ ግንብ ወጥተው የንጉሡ እንደራሴዎች ወደሚሠሩበት ቢሮ ገቡ። በክፍሉ ውስጥ ካገኟቸው አራት እንደራሴዎች ሁለቱን ጥፋት የለባችሁም ብለው አሰናበቷቸው። የቀሩትን ያሮስላቭ ማርቲኒትዝንና ቪሌም ስላቫታን ግን የሕዝብ ጠላቶች ናችሁ አሏቸው። ማርቲኒትዝ ቀድሞ ተወረወረ። ስላቫታ የመስኮቱን ደፍ ይዞ ተንጠለጠለ፤ እጁን በጩቤ እጀታ ቀጥቅጠው አስለቀቁት። አብሯቸው የነበረው የቢሮው ጸሐፊ ፊሊፕ ፋብሪትሲዩስም አለቆቹን እንዲከተል ተደረገ።

ከመስኮቱ እስከ መሬት 20 ሜትር ገደማ ነበር። ሦስቱም ተረፉ።

መላው አውሮፓ የተከራከረው በዚህ ላይ ነው። ካቶሊኮች የእመቤታችን እጅ አየር ላይ ደግፋ አወረደቻቸው አሉ፤ ማርቲኒትዝ ሲወረወር ስሟን እየጠራ እንደነበር፣ ከወርዋሪዎቹም አንዱ «እስቲ ማርያምህ ታድንህ» ብሎ ካፌዘ በኋላ ወደ ታች ተመልክቶ አፉን እንደያዘ ይተረካል። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ያረፉት በፍግ ክምር ላይ ነው አሉ፤ እስከ ዛሬም በየመጽሐፉ የሚደገመው ይኸው የፍጉ ታሪክ ነው። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ፍጉ በዕለቱ ከነበሩት ምስክሮች ቃል ይልቅ ዘግይቶ ከመጣው ፌዝ የተቀዳ ይመስላል፤ የግንቡ ሥር ተዳፋት መሆኑና የዘመኑ መኳንንት በላይ በላዩ የሚደርቡት ወፍራም ልብስ ነገሩን ለማስረዳት ይበቃሉ። ነገር ግን የፍጉ ወሬ ለምን እንዳሸነፈ ይገባኛል። ተአምርን በተአምር መመለስ አይቻልም፤ በሣቅ ግን ይቻላል። ተቀናቃኝህ በመላእክት ክንፍ ላይ አረፈ ከሚባል እበት ውስጥ ወደቀ ቢባል ይሻልሃል።

ሣቁን ፌዘኞቹ ብቻ ሳይሆኑ መንግሥትም ረዳው። ጸሐፊው ፋብሪትሲዩስ ወደ ቪየና አምልጦ ለንጉሠ ነገሥቱ ወሬውን ካደረሰ በኋላ የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው፤ የማዕረግ ስሙም «ፎን ሆሄንፋል» ሆነ፤ «ዘከፍተኛው ውድቀት» ብንለው ያስኬዳል። ሹመቱን የጻፈው ሰው እያሾፈ ይሁን በቁም ነገር ለማወቅ ብዙ እከፍል ነበር።

ወርዋሪዎቹ ግን እያሾፉ አልነበረም። ከድርጊቱ በኋላ ባወጡት የመከላከያ ጽሑፍ ያደረጉት ነገር ተራ ግድያ ሳይሆን የአገሪቱን የቆየ ልማድ የተከተለ ቅጣት እንደሆነ ተከራክረዋል። ስለዚህ መስኮቱ በአጋጣሚ በቅርብ የተገኘ መስኮት አልነበረም፤ የ1419ኙ ሆን ተብሎ ተጠቅሷል። መስኮት ለእንዲህ ያለ ዓላማ የሚመች መሣሪያ መሆኑን ያስተዋልኩት እዚህ ላይ ነው። ሰይፍ የመዘዘ ሰው እጁ ላይ ደም ይቀራል። በመስኮት የወረወረ ግን እጁን አራግፎ የቀረውን ለመሬቱና ለእግዚአብሔር ትቶ ይመለሳል፤ የተወረወረው ከሞተ ፍርድ ነው፣ ከዳነም ጥፋቱ የወርዋሪው አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የነበሩት እነዚያ መኳንንት የኤልዛቤልንም መጨረሻ ሳያውቁ አይቀሩም። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 9 ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል ሲገባ ንግሥቲቱ ዓይኗን ተኳልታ በመስኮት ትመለከታለች፤ እርሱ ግን በእጁ አይነካትም። ቀና ብሎ «ከእኔ ጋር ማን ነው?» ይላል፤ ጃንደረቦቿ ይወረውሯታል፤ እርሱም ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከመስኮት ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክም ሞልቷል፤ ረዓብ ሰላዮቹን በገመድ አውርዳለች፣ ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዷል፣ በስብከቱ መርዘም እንቅልፍ የጣለው አውጤኪስም ከሦስተኛው ደርብ ወድቋል (ረጅም ስብከት ለሰማ ሁሉ የሚያጽናና ታሪክ ነው)። የወረወሩ ሰዎች በማስረጃነት የሚጠሩት ግን ኤልዛቤልን ነው።

ከዚያ የሆነው የሚያስቅ አልነበረም። ዓመፀኞቹ ኢየሱሳውያንን ከአገር አባረሩ፤ ፈርዲናንድንም ከዙፋን አወረድን አሉ። ኖቬምበር 8 ቀን 1620 በፕራግ አጠገብ በነጩ ተራራ ተሸነፉ። ጁን 21 ቀን 1621 በከተማይቱ አሮጌ አደባባይ 27 መሪዎች ተገደሉ፤ የ12ቱ ራስ በድልድዩ ማማ ላይ ተሰቅሎ ለአሥር ዓመት ቆየ። ጦርነቱ ወደ መላው የጀርመን ምድር ተዛምቶ እስከ 1648 ዘለቀ፤ በውጊያ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ያለቀው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። በዚያው ዘመን በእኛም አገር ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው በሃይማኖት ሰበብ ብዙ ደም ፈሶ ነበር፤ ኢየሱሳውያኑንም ዐፄ ፋሲለደስ አባረሩ። አንድ የካቶሊክ ተሐድሶ ማዕበል በፕራግም በጎንደር ምድርም መታ ማለት ነው።

ስለ ተወረወሩት ሰዎች ግን አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ወርዋሪዎቹን የመራው ካውንት ቱርን በ1640 በስደት ሞተ። ስላቫታ ወደ አገሩ ተመልሶ የቦሔሚያ ጠቅላይ ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነ፤ የሕይወት ትዝታውንም ጻፈ። ማርቲኒትዝ በ1649፣ ስላቫታ በ1652 በዕድሜ ጠግበው ሞቱ። ሁለቱም በእነርሱ ውድቀት ከተጀመረው የሠላሳ ዓመት ጦርነት በላይ ኖሩ። ዛሬ በግንቡ ሥር ባለው አትክልት ቦታ የወደቁበትን ስፍራ የሚያመለክቱ ሁለት የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ በሞቱበት ቦታ ሳይሆን ባልሞቱበት ቦታ ሐውልት የቆመላቸው ሰዎች ከእነርሱ ሌላ አላውቅም።

እንግዲህ ግሡ የሚያስቀው ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ የተወለደው ማንም ካልሞተበት ውርወራ ነው። ለ1419ኙ ስም አልወጣለትም ነበር፤ ለዚያ «ገደሏቸው» ይበቃ ነበርና። ስም ያስፈለገው ወርውረው ያልገደሉ ጊዜ ነው፤ ስሙም ድርጊቱን ከመስኮቱ አሳልፎ አያወሳም። ከመስኮቱ በላይ ማን እንዳለ፣ ከመስኮቱ በታች ምን እንዳለ ቃሉ ውስጥ የለም፤ ያለው «ከ» እና «መስኮት» ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉን ወደ ኋላም ወደ ፊትም እየወሰዱ ለሞቱትም አለበሱት። በ1572 በፓሪስ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች መሪ አድሚራል ኮሊኚ በአልጋው ላይ ቆስሎ ተኝቶ ሳለ ተገድሎ ሬሳው በመስኮት ተጣለ። በ1640 በሊዝበን የስፔንን አገዛዝ ያገለግል የነበረው ሚጌል ደ ቫስኮንሴሎስ ከተደበቀበት ቁም ሣጥን ወጥቶ ተተኮሰበት፤ እርሱም በመስኮት ወጣ። በ1903 በቤልግሬድ የገዛ መኮንኖቻቸው የሰርቢያን ንጉሥ አሌክሳንደርንና ንግሥት ድራጋን ገድለው ሬሳቸውን ወደ አትክልት ስፍራው ወረወሩ። በእነዚህ ሁሉ መስኮቱ የገደለው ሰው የለም፤ ሁሉም ሞተው ነው የወጡት። ቃሉ ግን እኩል ይነገርላቸዋል፤ ሲነገርም ከፕራግ ያመጣውን ፈገግታ ይዞ ይመጣል።

ዛሬማ መሬቱ ጨርሶ ጠፍቷል። የእንግሊዝ ጋዜጦች ፓርቲ መሪውን ሲያወርድ፣ ኩባንያ ሥራ አስኪያጁን ሲያባርር ይህንኑ ግሥ ይጠቀማሉ፤ ኮምፒውተር አዋቂዎችም «ዊንዶውስ»ን ከማሽናቸው ላይ ማጥፋታቸውን በዚሁ ቃል ይቀልዱበታል። ቀልዱ መጥፎ አይደለም። የፖለቲካውን ግን ስተረጉም ያለ ሐሳብ «አወረዱት» እላለሁ፤ ሥልጣን በእኛም ቋንቋ ከፍታ ነው፣ ሹም ይወርዳል፣ ይወድቃል፣ ይገረሰሳል፤ መስኮት መጨመር አያስፈልገውም።

የሚቸግረኝ እውነተኛ መስኮት ያለበት ቦታ ነው። በማርች 10 ቀን 1948 ንጋት የቼኮዝሎቫኪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያን ማሳሪክ በሚኖርበትና በሚሠራበት በቼርኒን ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በታች፣ በሌሊት ልብሱ ሞቶ ተገኘ። የአገሪቱ መሥራችና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የቶማሽ ማሳሪክ ልጅ ነበር። ኮሚኒስቶች ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙት ገና ባለፈው ወር ነው፤ አብዛኞቹ ኮሚኒስት ያልሆኑ ሚኒስትሮች ሲለቁ እርሱ ቀርቶ ነበር። መንግሥት ራሱን ገደለ አለ። ከኮሚኒዝም ውድቀት በኋላ የተካሄደ የፖሊስ ምርመራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተገድሏል ብሎ ደመደመ፤ ገዳይ ግን አልጠቀሰም። ጉዳዩ በ2019 እንደገና ተከፈተ፤ በ2021ም ግድያ ይሁን ራስን ማጥፋት ወይም አደጋ ለመለየት አልተቻለም ተብሎ ተዘጋ። ብዙ ጸሐፊዎች ግን የፕራግ ሌላው «ዲፌኔስትሬሽን» እያሉ በልበ ሙሉነት ይጽፋሉ። ግሡ ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ ወርዋሪ ከሌለ አይቆምም። ማሳሪክን በዚህ ቃል የጠራ ሰው ሦስት ምርመራ ያልፈታውን ነገር ፈርዶ ጨርሷል፤ ምናልባትም ልክ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃውን ከፕራግ ከተማ ልማድ እንጂ ከግቢው አላመጣውም።

የአማርኛ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ጣጣ እንዳይመስለው የማነሳው አንድ ነገር አለ። ከቤይሩት፣ ከኩዌትና ከሌሎች የአረብ ከተሞች ስለ ቤት ሠራተኛ እህቶቻችን የሚመጣው ዜና ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በመስኮት ወይም በበረንዳ ላይ ነው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2008 ባወጣው መግለጫ ከጃንዋሪ 2007 ወዲህ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደሞቱ ገልጾ ነበር፤ ከእነዚህም 40ዎቹ ራስን ማጥፋት ተብለው ሲመዘገቡ ሌሎች 24ቱ ከፎቅ ወድቀው፣ ብዙዎቹም ከአሠሪያቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ የሞቱ ነበሩ። በ2017 በኩዌት አንዲት ኢትዮጵያዊት ከፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ስትለምን አሠሪዋ በስልኳ ስትቀርጻት የታየበት ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ወሬው መጀመሪያ ራስን ለማጥፋት የተደረገ ሙከራ ተብሎ ተነገረ። ልጅቷ ግን ተርፋ ነበርና ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ራሷን ለማዳን ስትሸሽ እንደወደቀች ተናገረች። ስላቫታ ትዝታውን እንደጻፈ እርሷም መናገር ስለቻለች ነው ግሡ የተለወጠው።

አብዛኞቹ አልተናገሩም። ስለ እነርሱ የሚጻፈው «ወደቀች» ነው፤ አለዚያም «ራሷን ፈጠፈጠች» ነው፤ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ደግሞ «ጣሏት» ይላል። ሦስቱም ግሦች በአንድ መስኮት በኩል ያልፋሉ፤ የትኛው በፖሊሱ መዝገብ ላይ ቀድሞ እንደሰፈረ ግን አስከሬኑ ይመረመር ወይም ታሽጎ ወደ ቦሌ ይላክ እንደሆነ ይወስናል። እንዲህ ያለ ዜና ለትርጉም ሲደርሰኝ፣ አረብኛውም ሆነ እንግሊዝኛው ምንጭ «ወደቀች» ቢል እንኳ፣ ያየ ሰው ከሌለ «ከሕንፃው ሥር ሞታ ተገኘች» ብዬ እጽፋለሁ፤ ፖሊስ ያለውንም ፖሊስ አለ ብዬ ለብቻው አስቀምጣለሁ። አንዳንድ አዘጋጆች ይህ አጻጻፍ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝመዋል ብለው መልሰው «ወደቀች» ያደርጉታል።